ጉልበት ያለው ግን ሥራ ያጣ ሰው ዘካ ይገባዋል? ገንዘብ ባላቸው ላይስ ምን መብት አለው?

ሥራ ፈላጊ (ውይይቱን የከፈተ)

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ ወንድሞችና እህቶች።

ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ በውስጤ ይዤው ቆይቻለሁ። ተምሬ ተመርቄያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፣ ማመልከቻ ማስገባትም አላቆምኩም። የሚመጣው መልስ ወይ ዝምታ ነው፣ ወይ «የሥራ ልምድ የለህም» ነው። የምኖረው ወላጆቼ ላይ ነው፤ የእነሱም አቅም እየደከመ ነው። አንድ ጊዜ ዘካ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ዘንድ ሄጄ ነበር። «አንተ ጉልበት አለህ፤ ዘካ ለሀብታምም ለጠንካራም አይፈቀድም» ብለው ሐዲሱን ጠቅሰው መለሱኝ። ሐዲሱን እቀበላለሁ። ግን ጉልበቱ እያለኝ ጉልበቴን የሚፈልግ ሰው ካላገኘሁ እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ ይሰፋል። ስለ ሥራ የምሰማው ትምህርት ሁሉ ለሥራ አጡ የሚነገር ነው፦ «ሥሩ፣ አትለምኑ፣ አትቀመጡ»። እውነት ነው። ግን ኢስላም ገንዘቡ ላለው፣ መሬቱ ላለው፣ ቀጣሪ ለሆነው ምን ይላል? ሥራ ማጣት የአጣው ሰው ጥፋት ብቻ ሆኖ ሲቀርብ ልቤ አይቀበለውም። እውቀት ያላችሁ አስረዱኝ።

አቡ ያሲን

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድሜ፣ አላህ ያግራልህ።

መሠረቱን አንርሳ። አላህ በሱረቱል ጁሙዓ (62፡10) ሶላቱ ሲያበቃ በምድር ላይ ተበተኑ፣ ከአላህም ችሮታ ፈልጉ ብሏል። በሱረቱል ሙልክ (67፡15) ምድርን ገር አድርጎልናል፤ በአቅጣጫዎቿ ሂዱ ብሎናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ማንም ሰው ከእጁ ሥራ የተሻለ ምግብ በልቶ አያውቅም፣ የአላህ ነቢይ ዳውድም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር ብለዋል፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ገመዱን ይዞ ሄዶ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ የሚሸጥ ሰው፣ ሰዎችን ከመለመን ይሻለዋል፤ ቢሰጡትም ቢከለክሉትም። ይህም ቡኻሪ ውስጥ ነው።

አንዳንዱ ወንድም ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ «ተወኩል አድርጌያለሁ» ይላል። በአላህ ስለ መመካት (ተወኩል) በሚናገረው ሐዲስ የተጠቀሱት ወፎች እኮ ጠዋት ባዶ ሆዳቸውን ይወጣሉ፣ ማታ ጠግበው ይመለሳሉ። ጎጆአቸው ውስጥ ቁጭ አላሉም። ሪዝቅ (ሲሳይ) በአላህ እጅ ነው፤ መውጣቱ ግን የእኛ ነው። አንተ ተቀምጠሃል ማለቴ አይደለም፤ ግን የምናወራው ስለ መብት ብቻ እንዳይሆን ብዬ ነው።

የፊቅህ ተማሪ

ወንድም አቡ ያሲን ያነሣው ሁሉ ትክክል ነው። የጠያቂው ወንድማችን ጉዳይ ግን የተለየ ስለሆነ የመለሱበትን ሐዲስ ቀረብ ብለን እንየው።

ሁለት ሰዎች በስንብቱ ሐጅ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶደቃ (እዚህ ላይ ዘካ ማለት ነው) ሲያከፋፍሉ መጥተው ጠየቋቸው። ነቢዩ ከላይ እስከ ታች አዩአቸው፤ ጠንካሮች ነበሩ። «ከፈለጋችሁ እሰጣችኋለሁ፤ ነገር ግን ለሀብታምም፣ ጠንካራ ሆኖ ሠርቶ ለሚያገኝም በእሷ ውስጥ ድርሻ የለም» አሏቸው። አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበውታል። እንግዲህ የተከለከለው ሁለት ነገር ያሟላ ሰው ነው፤ ጥንካሬ ያለውና ገቢ የሚያገኝ። ጥንካሬው ኖሮ ገቢው ከሌለ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ ነቢዩ ከፈለጋችሁ እሰጣችኋለሁ ብለው ነገሩን ለሰዎቹ መተዋቸው ነው፤ ጉልበታቸው ከውጭ ይታያል፣ የውስጥ ሁኔታቸውን የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

ኢማም ነወዊ (እ.ኤ.አ. በ1277 የሞቱት የሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም የሻፊዒ የሕግ ትምህርት መንገድ፣ ታላቅ ዓሊም) ይህን በግልጽ አስቀምጠውታል፦ መሥራት የሚችል ሰው የሚያሠራው ካጣ ዘካ ይፈቀድለታል፣ ምክንያቱም እሱ በዚያ ሁኔታ አቅመ ቢስ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ መለኪያው ጉልበት አይደለም፤ ኒሷብ (የሀብት ወሰን) ነው። ከመሠረታዊ ፍላጎቱ የተረፈ 200 ዲርሀም ብር የሚያህል ሀብት የሌለው ሰው ጤነኛና ሠራተኛም ቢሆን ዘካ ሊሰጠው ይቻላል፤ የዕለት ጉርሱ ካለው ግን ለልመና እጁን መዘርጋት ይከለከላል። መቀበልና መለመን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ብዙ ሰው አይለይም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እንዲያ ብለው የመለሱህ ሰዎች የሐዲሱን ግማሽ ነው የያዙት። ሥራ እየፈለገ ያጣ ሰው ከሚከለከሉት ውስጥ አይቆጠርም። ዓሊሞቹ የሚከለክሉት ሥራ እያገኘ በምርጫው የሚቀመጠውን ነው። ሌላው ቀርቶ ሥራውን ትቶ ራሱን ለሱና ዒባዳ (ግዴታ ላልሆነ አምልኮ) ብቻ የሰጠ ሰው ዘካ አይሰጠውም፤ እውቀት የሚቀስም ተማሪ ግን ሥራው ከትምህርቱ የሚያግደው ከሆነ ይሰጠዋል ብለዋል። የአንዱ ጥቅም ለራሱ ነው፣ የሌላው ለሕዝብ ይተርፋል።

ኡሙ ሐናን

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ እኔ ልናገር፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

የመጥረቢያውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ የአንሷር (የመዲና ሙስሊሞች) ሰው ሊለምን መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለው ጠየቁት። ከፊሉን የሚለብሱት ከፊሉን የሚያነጥፉት ጨርቅና የውኃ መጠጫ ዕቃ ብቻ ነበረው። አስመጡት፣ ሰው ፊት ለጨረታ አቀረቡት። አንዱ 1 ዲርሀም አለ፤ «ማን ይጨምራል?» ብለው ደጋግመው ጠየቁ፤ በ2 ዲርሀም ተሸጠ። በአንዱ ዲርሀም ለቤተሰቡ ምግብ እንዲገዛ፣ በሌላው መጥረቢያ ገዝቶ እንዲያመጣ አዘዙት። ሲያመጣው እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለት። ሂድ እንጨት ሰብስበህ ሽጥ፣ 15 ቀን እንዳላይህ አሉት። ሲመለስ 10 ዲርሀም አግኝቶ ነበር።

ከሐዲስ ሊቃውንት የዚህን ሙሉ ዘገባ ሰንሰለት ደካማ ያሉት አሉ፤ ቲርሚዚ ስለ ጨረታው ያለውን ክፍል ሐሰን (ተቀባይነት ያለው) ብለውታል። ይህን የምናገረው ማንም በዘገባው ላይ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ እንዳይጭን ነው። ሥራን የሚመለከተው ትርጉሙ ግን በሌሎች ጠንካራ ሐዲሶች የተደገፈ ነው።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነገረው «ሂድ ሥራ» የሚለውን ለማስተማር ነው። እኔ ግን ሰውየው ከመሄዱ በፊት የተደረገለትን እንድታዩ እፈልጋለሁ። ያለው ንብረት ተቆጠረ። ለንብረቱ ገዥ ተፈለገ፤ የገዛው እዚያው የተቀመጠ ሰው ነው። ቤተሰቡ ከመሣሪያው በፊት እንዲበላ ተደረገ፤ ልጆቹ እየተራቡ ጫካ አልተላከም። መነሻ ገንዘብ ተገኘለት። መሣሪያው ለሥራ ተዘጋጀለት። የመመለሻ ቀን ተቀጠረለት፤ ማለትም ውጤቱን የሚጠይቀው ሰው ነበረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «ሂድ» የተባለው። እኛ የመጨረሻዋን ቃል ወስደን በፊት ያለውን ሁሉ ጣልነው።

እንጨቱስ? ማንም ሳይከለክለው ነው የለቀመው። በሌላ ሐዲስ ሙስሊሞች በሦስት ነገር ይጋራሉ፦ በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት። አቡ ዳውድ ዘግቦታል። ጫካው በሙሉ ታጥሮ የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ መጥረቢያው ምን ይሠራለት ነበር? ዛሬ ብዙ ወጣት መጥረቢያው አለው፤ ትምህርቱ መጥረቢያው ነው። የሚቆርጠው ነገር ግን ሁሉም ታጥሮበታል።

አቡ ያሲን

እህቴ ኡሙ ሐናን፣ ጀዛኪላሁ ኸይረን፤ በደንብ ነው ያየሽው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመካ ሰዎች በቂራጥ (በትንሽ ሳንቲም) ክፍያ በግ ጠብቀዋል። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። ሙሳ (ዐ.ሰ) በመድየን 8 ወይም 10 ዓመት ለመሥራት ተዋውለው በግ ጠብቀዋል፤ ያቺ ልጅ ለአባቷ «ከምትቀጥረው ሁሉ በላጩ ጠንካራና ታማኝ የሆነው ነው» ያለችው (28፡26) ዛሬም የቅጥር መመዘኛ ነው። ዛሬ ስንቱ ምሩቅ በግ ጠብቅ ቢሉት እሺ ይላል? «ከተማርኩት ጋር አይሄድም» የሚል ሰው ሥራ አጥቷል እንላለን ወይስ ሥራ መርጧል?

ሥራ ፈላጊ

ወንድም አቡ ያሲን፣ ጥያቄህን እንደ ምክር እወስደዋለሁ። የጉልበት ሥራ ሠርቻለሁ፤ ሲገኝ እሄዳለሁ። የቀን ሥራ ግን አንድ ሳምንት ኖሮ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። አንዴም ከሠራሁ በኋላ ሒሳቤን ሳይሰጡኝ ቀርተዋል። በዚህ ሁኔታ ቤት መያዝ፣ ወላጅ መጦር፣ ማግባት አይቻልም። እኔ «የሚመጥነኝን አምጡልኝ» አላልኩም። የምለው፣ በትጋትና በመናቅ መካከል ያለውን ልዩነት ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ሁለቱንም አንድ አድርጎ እንዳይፈርድ ነው።

የፊቅህ ተማሪ

በዚህም ላይ የዓሊሞች ንግግር አለ። ሻፊዒዮች ዘካን የሚያስከለክለው ገቢ ለሰውየው ሁኔታና ክብር የሚስማማ ሥራ ሲሆን ነው ይላሉ፤ የማይስማማው እንደሌለ ይቆጠራል። ይህ ግን አንድ ሰው ለዘካ ብቁ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የተነገረ እንጂ ሐላል ሥራን ለመናቅ ፈቃድ አይደለም። አቡ ያሲን የጠቀሳቸው ነቢያት ከማናችንም በላይ ክቡራን ናቸው፤ በግ መጠበቁ ግን ክብራቸውን አልቀነሰውም።

ሒሳብህን ስለከለከሉህ ሰዎች ደግሞ፦ በቡኻሪ ሐዲሰል ቁድሲ (ነቢዩ የአላህን ንግግር የሚያስተላልፉበት ሐዲስ) ውስጥ አላህ በትንሣኤ ቀን እኔ ራሴ እከሳቸዋለሁ ካላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ከወሰደ በኋላ ደመወዙን ያልሰጠው ነው። ወንድሜ፣ የአንተ ክስ በሌላ በኩል ተይዟል። እዚህም ምድር ላይ ግን የመጠየቅ መብትህ አልወደቀም፤ ምስክር ካለህ ጠይቅ።

የሒሳብ ሰው

አሰላሙ ዐለይኩም። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ከዚያ በኩል ልግባ። ኢስላም ለባለ ገንዘቡ ምን ይለዋል ለሚለው፣ ምክር ብቻ ሳይሆን በሒሳብ የሚያስገድደው ነገር አለ።

ዘካ በተቀመጠ ገንዘብ ላይ በዓመት 2.5 በመቶ ነው። አንድ ሰው 100,000 አስቀምጦ ምንም ካልሠራበት፣ ዘካውን በየዓመቱ እያወጣ በ10 ዓመት ገንዘቡ ወደ 77,600 ገደማ ይወርዳል። ለዚህ ነው ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በየቲሞች (ወላጅ አልባ ልጆች) ገንዘብ ነግዱበት፣ ዘካ እንዳይበላው ያሉት። በሌላ በኩል የአናጢው መሣሪያ፣ የልብስ ሰፊው መኪና፣ የፋብሪካው ማሽን ራሱ በአብዛኞቹ ዓሊሞች ዘንድ ዘካ የለበትም፤ ዘካው ያለው ለሽያጭ በቀረበው ዕቃና በጥሬ ገንዘቡ ላይ ነው። አስተውሉ፦ ተኝቶ የሚቀመጥ ገንዘብ በየዓመቱ ይቀነሳል፣ ሠራተኛ የሚያሠራ መሣሪያ ግን ይተዋል። ገንዘቡን ወደ ሥራ የሚገፋ ሥርዓት ነው። አላህ ሀብት በመካከላችሁ ባሉ ሀብታሞች ብቻ እንዳይዘዋወር (59፡7) ያለውም በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው።

ሪባ (ወለድ) ሲከለከል ደግሞ ሌላው በር ተዘጋ። ባለ ገንዘቡ ገንዘቡን አበድሮ፣ ተበዳሪው አተረፈም ከሰረም የተወሰነ ጭማሪ መቀበል አይችልም። ማትረፍ ከፈለገ አደጋውን መጋራት አለበት። በሙዳረባ አንዱ ገንዘብ ያመጣል፣ ሌላው ሥራ ያመጣል፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ኪሳራ ከመጣ ገንዘቡ የባለ ገንዘቡ ኪሳራ ነው፣ ሠራተኛው ልፋቱን ያጣል፤ ቸልተኝነት ወይም የውል ጥሰት ካልተገኘበት በስተቀር ዕዳ አይጫንበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነት በፊት በኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘብ የነገዱት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ገንዘብ የሌለው ግን ችሎታና አማና (ታማኝነት) ያለው ሰው ወደ ገበያ የሚገባበት በር ይህ ነው።

መሬትም እንደዚሁ። የሞተን (ያልለማና ባለቤት የሌለውን) መሬት ያለማ የእርሱ ነው። መሬት ከልሎ ሦስት ዓመት ሳያለማ ላስቀመጠ ሰው መብት የለውም የሚለው የዑመር ፍርድ የሐነፊው ዓሊም አቡ ዩሱፍ ስለ ኸራጅ (የመሬት ግብር) በጻፉት መጽሐፍ ተዘግቧል። ቢላል ኢብኑል ሓሪስ አል-ሙዘኒ ዐቂቅ የሚባለውን ሸለቆ ከነቢዩ ተሰጥቶት ነበር፤ ዑመር ማልማት የምትችለውን ያዝ፣ የማትችለውን መልስ ብለው ለሌሎች አከፋፈሉት።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ቡኻሪ የዘገበው ነው። ዑመር የተጠበቀውን የግጦሽ መሬት እንዲያስተዳድር ሁነይ የሚባለውን ሰው ሾሙት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው አስገባ፤ የሀብታሞቹን የኢብኑ ዐውፍንና የኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን አርቅ አሉት። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የእነዚያ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምርና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ ባለ ጥቂቱ ከብቱ ካለቀበት ግን ልጆቹን ይዞ ወደኔ ይመጣል፣ ልተወው ነው እንዴ? ውኃና ሣር መስጠት ወርቅና ብር ከመስጠት ይቀለኛል አሉ። አንድን ሰው ከነሥራው ማቆየት፣ ሥራው ከጠፋ በኋላ ከመርዳት እንደሚቀል ያወቀ መሪ ንግግር ነው። ሥራ አጥነትን በተመለከተ ከዚህ የጠራ ፖሊሲ አላነበብኩም።

ነጋዴ

ወንድም የሒሳብ ሰው የተናገረው ያማረ ነው። እኔ ከገበያ ውስጥ ሆኜ ልናገር፤ ሥዕሉ እንዲሟላ።

ሙዳረባ በመጽሐፍ እንደሚነበበው ቀላል አይደለም። ለአንድ ወጣት ገንዘብ ሰጥቼ መዝገብ ሳይዝ፣ ትርፉን ከወጪው ሳይለይ፣ «ኪሳራ ነው» ብሎ ቢመጣ በምን አረጋግጣለሁ? ደርሶብኛል፤ ያም ሰው አታሎኛል አልልም፣ ሒሳብ መያዝ አያውቅም ነበር። በወለድ አልባ አገልግሎት የሚሠሩ ባንኮችም ሙዳረባን እየሸሹ ወደ ሙራበሐ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው፤ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ በዱቤ መሸጥ ይታወቃል፣ ዋስትና ይጠየቅበታል። ውጤቱ ግን ቤትና መኪና ላለው ሰው ሌላ ቤትና መኪና ሆነ፤ መያዣ የሌለው ሥራ አጥ ከበሩ ውጭ ቀረ። ይህ ያሳዝነኛል። ወለዱ ወጣ፣ ድሃው ግን አልገባም።

ለእኔ የሠራልኝ መንገድ እንዲህ ነው። ገንዘብ በእጅ ከመስጠት መሣሪያውን ራሴ ገዝቼ በኪራይ እሰጣለሁ፤ ኪራዩን እየከፈለ ይሠራል፣ በመጨረሻ እሸጥለታለሁ ወይም እሰጠዋለሁ። ኢጃራ ነው። መሣሪያው የኔ እስከሆነ ድረስ ያለ እሱ ጥፋት ቢበላሽ ኪሳራው የኔ ነው። ለእሱ ቀለል ይላል፣ ለእኔም ገንዘቤ የት እንዳለ ይታየኛል። መዝገብ አያያዝ ደግሞ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መማር አለበት። አላህ የዕዳን ውል ጻፉ ያለበት አንቀጽ (2፡282) በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ነው፤ በትንሽ ገንዘብም በትልቅም መጻፍን አትሰልቹ ይላል። አማና ያለ መዝገብ ለክርክር ይዳርጋል።

ወለድ የሌለበት ብድርም ሰው የሚያስበውን ያህል ሕልም አይደለም። በግብጽ ሚት ገምር እ.ኤ.አ. በ1963 አሕመድ አል-ነጃር የመሠረቱት የቁጠባ ባንክ ለአነስተኛ ሰዎች ያለ ወለድ ሠርቷል፤ ራሱን ችሎ ብዙ ባይቆይም መንገድ ከፍቷል። በፓኪስታን ደግሞ አኹወት የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ተነሥቶ ዛሬም ቀርዱል ሐሰን (ወለድ የሌለበት ብድር) ያበድራል፤ ብድሩን ብዙ ጊዜ በመስጊድ ውስጥ በሰው ፊት ነው የሚሰጠው።

ሰሊማ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሂሳብ ተምሬ የሚጠራኝ ሥራ በወለድ የሚሠራ ባንክ ብቻ ነው። ሌላው፣ «ለሙከራ» እየተባለ ያለ ክፍያ ለወራት የሚያሠሩ አሉ፤ ልምድ ነው ይሉናል። ይህ በሸሪዓ ምን ይባላል?

የፊቅህ ተማሪ

ወዐለይኪ ሰላም እህቴ። የመጀመሪያው ከባድ ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሪባ የሚበላውም፣ የሚያበላውም፣ ጸሐፊውም፣ ሁለቱ ምስክሮችም ተረግመዋል፤ እኩል ናቸውም ተብሏል። ስለዚህ ውሉን መጻፍ ራሱ ውስጡ ነው። ሌላ በር ጨርሶ ለተዘጋበት ሰው ግን ሁኔታውን ሰምቶ የሚመልስለት ዓሊም ዘንድ ይሂድ፤ በዚህ መድረክ አጠቃላይ ፈትዋ አልሰጥም።

ስለ ሁለተኛው፦ በኢጃራ ውል ክፍያው መታወቅ አለበት። ለመማር ብሎ በፈቃዱ ያለ ክፍያ የተስማማ ተለማማጅ ሌላ ነው። ትምህርት የሌለው፣ የመደበኛ ሠራተኛን ሥራ የሚያሠራ፣ ወጣቱን በችግሩ አስገድዶ የሚጠቀም ከሆነ ግን ዓሊሞች ለመሰል ሥራ የሚከፈለው ደመወዝ ይገባዋል የሚሉት ዓይነት ነው። በዋሻ የተዘጉትና በመልካም ሥራቸው አላህን ለምነው የወጡት ሦስት ሰዎች ታሪክ ውስጥ አንዱ ያመለጠበት ሥራ ምን ነበር? ደመወዙን ሳይወስድ የሄደን ሠራተኛ ገንዘብ አርብቶ፣ ሰውየው ከዘመናት በኋላ ሲመጣ ግመሉን፣ ላሙን፣ በጉን ሁሉ «ይህ የአንተ ደመወዝ ነው» ብሎ ሰጠው። የሠራተኛ ሐቅ ያን ያህል ይከብዳል።

ኡሙ ሐናን

ሰሊማ እህቴ፣ አላህ ከእሱ የተሻለ ይክፈትልሽ። ስለ ሴቶች ሥራ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በእጃቸው ሠርተው ሶደቃ ይሰጡ ነበር፤ ከነቢዩ ሚስቶች «እጀ ረጅሟ» የተባሉት በዚህ ነው። የሶሐባው ጃቢር አክስት በፍች ዒዳ (ከፍች በኋላ ባለው የመጠበቂያ ጊዜ) ላይ ሳሉ ተምራቸውን ሊለቅሙ ሲወጡ አንድ ሰው ከለከላቸው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን «ተምርሽን ልቀሚ፤ ምናልባት ሶደቃ ትሰጪበታለሽ» አሏቸው። ሥራ አጥ ሲባል ወንድ ምሩቅ ብቻ አይታየን። ባል የሞተባት፣ ልጅ የምታሳድግ፣ ሙያ ኖሯት መነሻ ያጣች ሴት በዘካ ዝርዝር ውስጥ በቀላሉ ትገባለች፤ የሚሰጣት ግን ለአንድ ሳምንት የሚሆን ነው፤ ከዚያ ተመልሳ ትመጣለች።

ዑመር (ረ.ዐ) «ስትሰጡ አብቃቁ» ብለዋል። ሻፊዒዮች ይህን በዝርዝር አስልተውታል፦ ሙያ ላለው የሙያውን መሣሪያ መግዣ፣ ዋጋው ቢያንስም ቢበዛም ይሰጠዋል፤ ለነጋዴ እንደ ንግዱ መነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል። ለአትክልት ሻጭ 5 ወይም 10 ዲርሀም ይበቃው ይሆናል፤ የዕንቁ ነጋዴ ግን ባነሰ የማይሆንለት ከሆነ 10,000 ዲርሀም ድረስ ሊሰጠው ይችላል ብለዋል ነወዊ። ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች የአንድ ዓመት ኑሮ የሚበቃውን ይላሉ። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከሁሉም ግን የሳምንት ምጽዋት አይወጣም።

ዘካውን ለአንድ ሰው በእጁ ከመስጠት ሰዎች የሚሠሩበት ፕሮጀክት ላይ ማዋል ይቻላል ወይ ለሚሉ፦ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ ዐማን ላይ በመርህ ደረጃ ፈቅዶታል። አስቸኳይ ችግር ያለባቸው መጀመሪያ መረዳት አለባቸው፤ ገንዘቡም ከኪሳራ የሚጠበቅበት በቂ ዋስትና መኖር አለበት። ፕሮጀክቱ በመጨረሻ የባለ መብቶቹ ይሆናል ወይም ዘካውን የሚሰበስበው አካል ይቆጣጠረዋል።

አቡ ያሲን

አንድ ነገር ልጨምር። ዓሊሞች ሙያዎችን ፈርዱል ኪፋያ ብለዋቸዋል፤ ግብርና፣ ሽመና፣ ግንባታ። ጥቂቶች ከሠሩት ከሌላው ላይ ይነሣል፤ ማንም ካልሠራው ሁሉም ተጠያቂ ነው። ዓሊሙ ኢብን ተይሚያ (እ.ኤ.አ. በ1328 የሞቱት) ሕዝቡ የሚፈልገውን ሙያ ባለሙያዎቹ ከተዉት መሪው በተገቢ ደመወዝ እንዲሠሩ ሊያስገድድ ይችላል ብለዋል። ይህን ሁልጊዜ የምጠቅሰው ሰነፍን ለመገሠጽ ነበር። ከዚህ ውይይት በኋላ ግን ሌላው ጎኑ ጎልቶ ታየኝ። ያልታከመ በሽተኛ፣ ያልተሠራ መንገድ፣ ያልለማ መሬት ባለበት ሁሉ የሚሠራ እጅ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ፣ የኪፋያው ግዴታ አልተፈጸመም፤ ሁለቱን ያላገናኘው ማኅበረሰብ ይጠየቃል።

ወንድም ሥራ ፈላጊ፣ ወደ ዘካ ኮሚቴው ተመልሰህ ሂድ። የምትጠይቀውን ግን ቁርጥ አድርገህ ያዝ። ሙያህ ምንድን ነው?

ሥራ ፈላጊ

ባረከላሁ ፊኩም። ሁላችሁንም አላህ ይቀበላችሁ። የተማርኩት ኤሌክትሪክ ነው። የቤት ውስጥ መስመር መዘርጋትና የተበላሹ ዕቃዎችን መጠገን እችላለሁ፤ ሰው ሲጠራኝ መሣሪያ ተውሼ ነው የምሄደው፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እምቢ እላለሁ። በየወሩ የሚሰጥ ገንዘብ አልጠይቅም። መለኪያ፣ መሰርሰሪያ፣ መሰላልና ለመነሻ የሚሆን ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ ቢገዛልኝ መጀመር እችላለሁ። ለኮሚቴው ይህንኑ ጽፌ፣ የኢማም ነወዊን ንግግርም አያይዤ አቀርባለሁ ኢንሻአላህ። በቂ ዘካ የለንም ካሉኝ ግን ምን ላድርግ?

ነጋዴ

ወንድሜ፣ የዕቃውን ዝርዝር ከነዋጋው ጻፍና በውስጥ መልእክት ላክልኝ። ከሁለት ሱቅ ዋጋ አምጣ፣ አንድ ብቻ አይበቃም። ኮሚቴው ከፊሉን ከሸፈነ ቀሪውን እኔ በቀርዱል ሐሰን እሰጥሃለሁ፤ ጭማሪ የለውም፣ የመመለሻ ጊዜውን አብረን እንጽፋለን፣ ሁለት ምስክር ይኖራል። ጨርሶ እምቢ ካሉህ መሣሪያውን ገዝቼ ቀድሜ ባልኩት መንገድ በኪራይ እሰጥሃለሁ። በሁለቱም መንገድ ገቢና ወጪህን የምትጽፍበት መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ይኑርህ፤ እንዴት እንደሚያዝ የሒሳብ ሰው ያሳይሃል ብዬ አስባለሁ።

የሒሳብ ሰው

በደስታ። ዝርዝሩን ለእኔም ላክልኝ።